ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ

ምክር ፈልጎ የሚመጣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ምክሩን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ከእኔ የሚፈልገው ራሴን እንድነቀንቅለት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ እንጅባራ ቤቴ የመጡት ሦስት ልጆችም እንዲሁ ነበሩ። የሰፈራችን የወጣቶች ክበብ አባላት ናቸው፤ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሁለቱን አስተምሬአቸዋለሁ። ሰብሳቢያቸው ዮናስ ሻዩን እንኳ ሳይቀምስ ጀመረ። «ቲቸር፣ ክበባችን ወጣቱ የሌላውን ብሔረሰብ ባህል እንዲያውቅ የሚያበረታታ ዝግጅት አለው። እርስዎ ድሮ ኪነት ውስጥ ነበሩ ሲሉ ሰማን። መክፈቻው ላይ ሁለት ቃል እንዲናገሩልን ብለን ነው።» ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ጭፈራውን በስልኳ እያሳየችኝ ነው። ሌላዋ መሠረት የምትባለዋ ቀጠን ያለች ልጅ ናት፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ትልቅ ፌስታል ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ፌስታሉ ውስጥ ከባሕር ዳር የተከራዩት ልብስ አለ። የሺናሻ ነው አሉኝ።

«ጭፈራውን ከማን ተማራችሁት?» አልኩ።

«ከስልክ ነው፣ ቲቸር። በጣም ቀላል ነው» አለ ዮናስ።

«ሺናሻ እኮ ሩቅ አገር አይደለም። በጫግኒ በኩል ወረድ ብትሉ ታገኟቸዋላችሁ። ከእናንተ መካከልስ የሚያውቅ የለም?»

«የለም» አለ ዮናስ። ባለስልኳም የለም አለች። መሠረት የፌስታሉን ጆሮ ታስራለች፣ ትፈታለች። ውጭ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከጎረቤቴ አጥር ሥር የአንድ ባላገር ፈረስ ታስሯል፤ የራሰ ኮርቻ ሽታ በበሩ ገባ። የራሰ ቆዳ፣ የፈረስ ላብና የቆየ ቅቤ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን ሽታው ሲመጣብኝ ዳንግላ ነው የምገባው። እናም ለልጆቹ ንግግር በማድረግ ፋንታ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው።

ያኔ እንጅባራ ኮሶበር ነበር የምትባለው፤ ለእኛ ለተማሪዎቹ ከተማ ማለት ዳንግላ ነበረች። እኔ የተወለድኩት ግምጃ ቤት አቅራቢያ ካለ አንድ መንደር ነው። ትምህርት ቤት ለመግባት ብዬ ዳንግላ አክስቴ ዘንድ መጣሁ። አክስቴ ሰፊ ግቢ ነበራት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ፈረሱንና በቅሎውን አስር አስር ሳንቲም እየከፈለ እዚያ ያስር ነበር። በዚያው አስር ሳንቲም ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በጋሪ መሄድ ወይም አንድ ዳቦ መግዛት ይቻላል። ስለዚህ ዳቦው ካማረን በእግራችን እንሄድ ነበር። ከገበያው ማዕዘን የጓደኛዬ የሙሉቀን አባት ልብስ ስፌት ነበረ። ከስፌቱ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፍ ላይ፣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ጠዋት ማርሽ ይለቃል፤ ማታ ዜና፤ ከዜና በኋላ የማጉያው ሠራተኛ ደስ ካለው አንድ የፍቅር ዘፈን ጣል ያደርጋል። ያችን አንድ ዘፈን ለመስማት ስንቱን ዜና በድርቅና ተቀምጠን ሰምተናል። ልብሳችን ካኪ ነበር፣ ጫማችን ሸራ፣ ጠጉራችን ጎፈሬ። ሱሪ ታቹ ሰፋ ካላለ ሱሪ አይባልም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ፎቶውን እያዩ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ እነሱም በተራቸው ይሳቅባቸዋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ያለዚህ ቀሪው አይገባም። ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት መምህሩ ሲጠይቁኝ አማርኛው ጠፍቶብኝ በአገውኛ መለስኩ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜ ቀርቶ «ባላገሯ» ተባልኩ። በዓመቱ ክፍል ስቀይር፣ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ አልኩ። አገውኛ ከአፌ ጠፋ። አሁን አዊኛ ይሉታል፣ ደግ ነገር ነው፤ በራዲዮም ይነገራል፣ በትምህርት ቤትም ይሰጣል፤ ያኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ገበያ መጥቶ ማታ የሚመለስ ቋንቋ ነበር። የአክስቴ ደንበኞች በአገውኛ ሰላም ሲሉኝ በአማርኛ እመልሳለሁ። አክስቴ ታየኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከደንበኞቿ መካከል አያ ውቤ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ እሳቸው ብቻ ለመልሴ ግድ ሳይኖራቸው ሁልጊዜ በአገውኛ ነበር የሚያናግሩኝ። አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ፈረሱ የልጃቸው የአንሙት ነው፤ በጥምቀት እሱ ነው የሚጋልበው። አንሙት ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ግን ፈረሱን አባት ይዘውት ገበያ ይመጡ ጀመር።

የቀበሌያችን ወጣቶች ማህበር ኪነት ስምንት አባላት ነበሩት። አንድ ዓመት ለአብዮት በዓሉ ሰልፍ ትእዛዝ መጣ፤ እያንዳንዱ ቀበሌ የአንድ ብሔረሰብን ባህል አጥንቶ ያቅርብ ተባለ። ወጣቱ የሌላውን ባህል ማወቅ አለበት። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ማንም ያምጣው ማን፣ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። እጣ ወጣ። ጎረቤታችን ቀበሌ ላባና ጦር ያለው ደረሰው፤ ሌላው ከበሮው ብቻ የሰው ቁመት የሚያህል። ለእኛ አገው ወጣ። ሁላችንም አኮረፍን። «እነዚህን እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ እናያቸዋለን፣ ምኑ ይጠናል?» አለ ሙሉቀን፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ የኪነቱ መሪ። እኔም ከሁሉ አስበልጬ አኮረፍኩ። አንድም ሰው ሄደን እንጠይቅ አላለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያዩትን ሰው ምን ብለው ይጠይቁታል? ዘፈኑን ሙሉቀን ራሱ ገጠመው፣ ያውም በአማርኛ። እስክስታውን ከዚህም ከዚያም ለቃቀምን። የአገው ሰው በፈረስ እንደሚታወቅ ግን ማንም ያውቃልና ፈረስ ያስፈልጋል ተባለ። አክስቴ አያ ውቤን ለመነችልን። እሳቸውም ለልጆች ነው ብለው ፈረሱን ከነጌጡ ሰጡን፤ የሚጋልበው ልጅ እንዲለብሰው ብለው ደግሞ አንሙት ለጥምቀት የሚለብሰውን ነጭ እጀ ጠባብና ቁምጣ፣ ጋቢውንና ዱላውን ጨመሩልን።

ጋላቢው ሙሉቀን ነበር። ኳስ ሜዳ ላይ ልምምድ ስናደርግ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሁለተኛው ክንዱ ወለም አለ። ከሌሎቹም መቀመጥ የቻለ አልተገኘም። የከተማ ልጆች ነን፤ ፈረስ የምናውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። እኔ መጋለብ እችል ነበር። አባቴ ቤት ከእግሬ ቀድሜ የቆምኩት በፈረስ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ግን የዳንግላ ልጅ ነኝ ብያለሁ፣ የዳንግላ ልጅ ደግሞ ፈረስ አይጋልብም። የበዓሉ ዋዜማ የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊው ጓድ መጣ። የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቸኳይ ነበር። ፈረሱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጋላቢ ምን ያደርጋል?» አለ። «ፈረሱን አስጊጣችሁ ሳቡት። ልብሱን ኮርቻው ላይ ዘርጉት፣ ዱላውንም አስሩበት። ሕዝቡ ልብሱንም ጌጡንም አብሮ ያያል።» ሁሉም ወደዱት። ልብሱ ኮርቻው ላይ ሲዘረጋ ነገሩን አወቅሁት። ስድስት ዓመቴ ላይ ወንድ አያቴ ሲሞቱ በለቅሶው ሜዳ ያየሁት ይህንኑ ነበር። የሟች ፈረስ ይሸለማል፤ የሟች ልብስና ዱላ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፤ ሰው ሳይቀመጥበት በለቅሶተኛው መካከል ይሳባል። ከዚያ ሌላ ጊዜ፣ ያጌጠ ፈረስ ሰው ሳይቀመጥበት በአደባባይ አይሳብም። ይህን ከስምንታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ። ብናገር «አንቺ እንዴት አወቅሽ?» ነው የሚሉኝ። ጭራሽ ፈረሱ ከእኔ ጋር ነው የሚረጋጋው ተባለና ሳቢዋ እኔ ሆንኩ። የሚረጋጋውማ ማንም በማይሰማኝ ጊዜ በጆሮው በአገውኛ ስለማንሾካሹክለት ነው።

በማግስቱ ሜዳው ሞልቷል። በየአካባቢው ያሉ ገበሬ ማህበራት እንዲወጡ ታዘው ስለነበር ከከተማው ሰው የባላገሩ ይበልጣል። ከባሕር ዛፍ የተሠራው መድረክ ላይ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ላባና ጦሩ አለፈ፣ ትልቁ ከበሮ አለፈ፤ ቀጥሎ የእኛ ቀበሌ ተጠራ። እኔ ከፊት ልጓሙን ይዣለሁ፤ ሰባቱ ከኋላ እየጨፈሩ ይከተላሉ። ከመድረኩ ፊት ስንደርስ በግራ በኩል ከነበረው የባላገር ሰልፍ መሐል አንዲት ሴት ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ምን እንደሆነ አገው መሆን ሳያስፈልግ ይታወቃል። የአንሙት እናት እቴ ትዋብ ነበሩ። የልጃቸው ደብዳቤ ከቆመ አራት ወር ሆኖታል፤ ባላቸው ፈረሱን ለእኛ ማዋሳቸውን አልነገሯቸውም። ያዩት የልጃቸውን ፈረስ ነው፣ በላዩ የልጃቸው ልብስ፣ ሰው የለበትም፤ መንግሥት መርዶውን በዚህ መንገድ የነገራቸው መሰላቸው። ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ፊታቸውን ነጩ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ብዙ ሳይቆይ ያ ጥግ ሁሉ ለቅሶ ሆነ። መድረኩ ላይ ያሉት የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ጓዱ ብድግ ብሎ ነው ያጨበጨበው። እኔ ቆምኩ። ከኋላዬ ሙሉቀን «ምን ሆነሽ ነው? ሂጂ እንጂ» ይለኛል። ሄድኩ። ፈረሱን እየሳብኩ በእናትየው ፊት አለፍኩ።

አያ ውቤ ሕዝቡን ሰንጥቀው ሲደርሱ፣ ልጁ አለ፣ ፈረሱን ያዋስኩት እኔ ነኝ ብለው ማሉ። እቴ ትዋብ አላመኗቸውም። መንደርተኛውም ለቅሶ ሊደርስ ጎረፈ፤ አያ ውቤ ሦስት ቀን በራፋቸው ላይ ቆመው ሰውን ሲመልሱ ሰነበቱ። በዚያ ቅዳሜ አያ ውቤ ገበያ የመጡት ፈረሱን ቤት ትተው በእግራቸው ነው። እኔን አልተቆጡም። እንደ ሁልጊዜው በአገውኛ «ልብሱን ስጭኝ» ብቻ አሉኝ። አጥፌ ሰጠኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በአገውኛ ልመልስላቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። ያን ለት ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ለኪነቱ ነገሩን አክስቴ ነች የነገረቻቸው። ጓዱን ይቅርታ እንጠይቅ ስንለው «ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ እርሱት» አለ። ሙሉቀን ግን አልረሳውም። ሰነፍ ጋላቢ ቢሆንም ልቡ ደህና ነበር። በእሑዱ ስምንታችንም ሸራ ጫማችንን አጥብቀን አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጉዘን እነ አያ ውቤ ቤት ደረስን። ሙሉቀን ንግግር በወረቀት ጽፎ ነበር። «ውድ እናታችን» ብሎ ጀመረ። እቴ ትዋብ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። አያ ውቤ ለከብት ወጥተው ስለነበር የሚያስተረጉም ሰው አልነበረም። ሙሉቀን አንዱን አንቀጽ ጨርሶ ቆመ። ወረቀቱን አገላበጠው። ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን።

እኔ ተናገርኩ። በአገውኛ፣ እየተንተባተብኩ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። እቴ ትዋብ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ የአባቴን ስምና የግምጃ ቤቱን መንደራችንን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞር ስል ሰባቱም አፋቸውን ከፍተዋል።

«ለካ ትችያለሽ?» አለ ሙሉቀን።

«እችላለሁ።»

«የፈረሱንም ነገር ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አላናገረኝም፤ ልክ ነበር።

እቴ ትዋብ ግን ገንዘብም ሽማግሌም አልጠየቁም። «ፈረሱን ሰው ሳይቀመጥበት አገር ሁሉ አይቶታል» አሉኝ፣ ለጓደኞቼ እንድነግራቸው። «እንግዲህ ልጄ እስኪመለስ ሰው ተቀምጦበት ይታይ። እሑድ እሑድ ኑና ጋልቡት። ከበላዩ ሰው ሳይ ለሳምንቱ እተኛለሁ።» ስተረጉመው ሙሉቀን የታመመ ክንዱን ያዘ።

እሑድ እሑድ ሄድን። በተራ በተራ ጋለብን። ሙሉቀን ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ እቴ ትዋብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ከሰልፉ ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሳቁት አሉ አያ ውቤ። ውድቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ እንዲያውም ቅር አላቸው። ከጋለብን በኋላ ድንች በሚጥሚጣ ይቀርባል። መንደርተኛው ዳር ቆሞ «እግርህን አጥብቅ፣ ልጓሙን ላላ አድርግ» ይላል በአገውኛ፤ ሰባቱም ቃሉን እየያዙ መጡ። ጭፈራው እኛ እንደፈጠርነው እንዳልነበረ ያየነው እዚያ ሰርግ ተጠርተን ነው። ሙሉቀን በዓመቱ በአገውኛ ይቀልድ ጀመር፤ አማርኛው ላይ የማያስቅ ቀልዱ በአገውኛ ያስቅ ነበር። እንደ ባህል ጥናት አልቆጠርነውም፤ ሪፖርትም አላደረግንም። ጓዱ ተዛውሮ ሌላ መጣ፣ ሌላ እጣ ወጣ። እኛ ግን የደረሰንን እጣ ገና አልጨረስንም ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛው ሊገባ ሲል ከሰሜን ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወታደር ወሬውን አመጣ። ይኸኛው እውነት ነበር። አንሙትን በእጁ ቀብሮታል። ሽማግሌዎች በጎህ ተሰብስበው እናትና አባቱን መርዶ አረዷቸው፤ ለእኔም በዚያው ጠዋት ዳንግላ ድረስ ሰው ላኩብኝ። ስደርስ ሜዳው ላይ ለቅሶተኛው ቆሟል። ዳማው ፈረስ ተሸልሟል፤ እኔ አጥፌ የመለስኩት ልብስ ኮርቻው ላይ ተዘርግቷል። ሙሉቀንና ሌሎቹም ነበሩ። እቴ ትዋብ ልጓሙን እጄ ላይ አደረጉት።

«ያን ጊዜም እያወቅሽ ነው የሳብሽው» አሉኝ። ቂም የለበትም፣ ድምፃቸው ተራ ነበር። «ዛሬም እያወቅሽ ሳቢልኝ።»

ሳብኩት።

እዚህ ላይ አቆምኩ። ዮናስ ሻዩ ቀዝቅዞበታል። ባለስልኳ ልጅ ስልኳን ቦርሳዋ ከትታዋለች። «ታዲያ ዝግጅቱን እንተወው ነው የሚሉን ቲቸር?» አለ ዮናስ።

«አልወጣኝም። ሂዱ፣ እወቁ፣ ጨፍሩ ነው የምለው። እኛ ባንሳሳት ኖሮ ምናልባት ያን መንደር ሳንረግጠው እንቀር ነበር። ግን ከስልኩ በፊት ሰው ጠይቁ። እኛ ጠያቂ አልነበርንም፤ የምታውቀዋ ደግሞ ፈራች።»

ተመካክረን እንመጣለን ብለው ወጡ። የዮናስ ድምፅ ከአስፋልቱ ባጃጅ ሲጠራ ይሰማኛል። ብርጭቆዎቹን ሳነሳ ፌስታሉን በሩ አጠገብ አየሁት፤ ረስተውት ሄደዋል። ልጠራቸው ብዬ ስወጣ መሠረት ብቻዋን እየተመለሰች ነው። ፌስታሉን ተቀበለችኝ፤ ግን አልሄደችም። የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ዳንግላ ላይ ብዙ ዓመት ቆሜበታለሁ። ምንም ሳልጠይቃት ጠበቅኳት።

«ቲቸር» አለች በመጨረሻ። «ጭፈራውን እናቴ ታውቃለች።»